ለግጥሙ መልስ

«ማሪት፣ ያንቺስ?» አሉ የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ ወይዘሮ ዴትመር፣ ወረቀት ለመቀበል እጃቸውን ዘርግተው።

የቤት ሥራው ቀላል ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ ወጣት ለሚወዳት ልጅ የጻፈውን ግጥም አንብበው፣ በልጅቷ ቦታ ሆነው መልስ መጻፍ። ማሪት ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችም።

«ስለሷ ምንም አያውቅም እኮ» አለች። «ጨረቃ አለ፣ ወንዝ አለ፣ የሱ እንባ አለ። እሷ ይብረዳት፣ ይራባት፣ አንዴም አልጠየቃትም። ታዲያ ምን ብላ ትመልስለት?»

«አቦ አታካብጂ!» አለቻት ከኋላ የተቀመጠችው ዮሌ። «ቲልማን በየቀኑ እየገጠመልሽ!» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ዮሌ አልዋሸችም። ቲልማን የማሪት ፍቅረኛ ነው፤ ቅጠል መርገፍ ከጀመረ አንስቶ በስልኳ ግጥም ይልክላታል። ዓይኗን ከሐይቅ ጋር ሲያመሳስለው ልቧ ጥፍት ይል ነበር። ትናንት ግን የፈለገችው ግጥም አልነበረም። «ነገ ከሰዓት ሐኪሙ የእማዬን ውጤት ይነግረናል። ፈርቻለሁ። አብረኸኝ ትሄዳለህ?» ብላ ጻፈችለት። እሱ የላከላት አራት ስንኝ ነው፤ የደነገጠች ሚዳቋ አድርጓታል።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቲልማንን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ አገኘችው።

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት። ትመጣለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ሆስፒታል? ማሪትዬ፣ ሽታው ራሱ ይገለኛል። ይልቅ ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ አስብሻለሁ። እንደውም ሳትኖሪ ነው አሪፍ ግጥም የሚመጣልኝ።»

«እናቴን ምን እንዳመማት ታውቃለህ?»

ቲልማን ፊቷን አተኩሮ አየ። «ሐዘን እንዴት ያምርብሻል!» አለ።

ማሪት ተናደደች። ከንዴቱ የባሰው ግን አሁንም እንዲመጣ መፈለጓ ነበር። ጅል ልብ! «በቃ እንሂድ» ቢላት ኖሮ ሁሉንም ይቅር ትለው ነበር።

አውቶቡሱ መጣ። እሷ ተሳፍራ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ አድርጋ በሩን ማየት ጀመረች። ቲልማን ከታች ሆኖ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። ወዲያው የሷ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። አላወጣችውም።

አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት አጠገቧ መጥታ ቆመች። «ወንበሩ ሰው አለው?»

ማሪት አንዴ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«የለውም» አለች።