የዴላ ወገን

«አይደረግም!» ማርሎ ከሶፋው ላይ ዘላ ተነሳች። ጭኗ ላይ የነበረው ፈንዲሻ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። «አልሳመችውም በይኝ፣ ሊኔያ! አልሳመችውም በይኝ!»

ቴሌቪዥኑ ላይ ዴላ ጀልባ ነጂውን ስማ ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳርፋለች።

«የሐይቁ ሰዎች» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ሁለቱ ጓደኛሞች ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ አብረው ነው ያዩት። ዴላ ሰው ከውሃ የምታወጣ የነፍስ አድን ሠራተኛ ናት። ሚና የምትባል ነርስ ትወድ ነበር። ባለፈው ወር ተለያዩ፤ ያን ቀን ማርሎ በእውነተኛ እንባ አልቅሳለች። ይታረቃሉ ብላ ስትጠብቅ ነው እንግዲህ ይሄ የመጣው።

የሊኔያ አባት አርን ከወደብ ሥራ ገብቶ በር ላይ የበረዶ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን አየና ሳቀ።

«ጎሽ! በስተመጨረሻ ልብ ገዛች። እኔማ ድሮም ይተዋታል ብዬ ነበር።»

«ምኑ ነው የሚተዋት?» አለች ማርሎ፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ቀልዴን ነው፣ ልጄ» አለ አርን ደንገጥ ብሎ። ማርሎ ሴት እንደምትወድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ክፉ ሰው አልነበረም። «ሾርባ አለ፤ ሳይቀዘቅዝ ብሉ» ብሎ ወደ ማዕድ ቤት ገባ።

ሊኔያ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ፈንዲሻውን መልቀም ጀመረች። እንደ ማርሎ ግን ተናዳ አልነበረም። ዴላ ጀልባ ነጂውን ያየችው ልክ ሚናን ታይ በነበረበት ዓይን ነው። ያን ዓይን ሊኔያ ታውቀዋለች። አምና የውሃ ዋና ቡድኑ ውስጥ የነበረችውን ሶልቬይግን እንደዚያ ታያት ነበር። ዘንድሮ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ትራምፔት የሚነፋውን ካይን።

ስለ ሶልቬይግ ለማርሎ ነግራታለች። ያኔ ማርሎ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «በቃ እንደኔ ነሽ! ብቻዬን አይደለሁም!» እያለች ስታለቅስ፣ ሊኔያ ቀሪውን መናገር አቃታት። እንደዚያ ደስ ብሏት አይታት አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ማርሎ ከስልኳ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ስሚ አንዷ የጻፈችውን፤ ‹እንዲህ ዓይነቶቹ መጨረሻቸው ያው ወንድ ጋ ነው።› ስንት ሺህ ሰው ወዶላታል መሰለሽ! እነዚያ ድሮም ከሚና ጋር ሲያዩዋት የሚያማቸው ደግሞ ‹ዳነች› እያሉ ይጨፍራሉ። ተዋናይዋ የስድቡ ብዛት አስመርሯት ገጿን ዘግታለች።»

«እሷ ምን አደረገች?» አለች ሊኔያ። «የተጻፈላትን ነው የተጫወተችው።»

«ይበላት!» ማርሎ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻት። «አሁን እኔና አንቺ ቪዲዮ እንሠራለን። አንቺ ትጀምሪያለሽ። ‹ዴላ ዋሽታናለች› በይ፤ ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ።»

«አልዋሸችም እኮ። ሚናንም ወዳታለች፣ እሱንም ትወደዋለች።»

«አቦ ተይኝ! ሁለቱንም የሚባል ነገር የለም። ወይ ፈርታለች፣ ወይ ሚናን ስትጫወትባት ነበር።» የማርሎ ድምፅ ድንገት ተሰበረ። «አንቺ አይገባሽም። እናቴ ዘግታኝ ቆይታ መልሳ ማናገር የጀመረችኝ በነሱ ምክንያት ነው። ዴላና ሚናን ስታይ ‹ቆንጆ ናቸው› ብላኝ ነበር። ትናንት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹አየሽ፣ አንቺም ስታድጊ ይለቅሻል።›»

ሊኔያ እጇን ልትይዛት ፈለገች። ማርሎ ግን ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኩን ወደሷ አዙራ ነበር።

«በይ፣ እየቀረጽኩ ነው።»

ሊኔያ የስልኩን ትንሽ ቀይ ነጥብ አየችው። ሁለት ቃል ነው። ብትላቸው ማርሎ ታቅፋታለች፤ ሐሙስም እንደ ወትሮው ትመጣለች።

«እኔ እንደ ዴላ ነኝ» አለች።

ስልኩ ቀስ ብሎ ወረደ። «ምን?»

«ሴትም እወዳለሁ፣ ወንድም እወዳለሁ። ስለ ሶልቬይግ የነገርኩሽ እውነት ነው፤ ግን ሁሉንም አልነገርኩሽም።»

«ማነው?»

«ማን ቢሆን ምን ያደርግልሻል? ማንም ባይኖርም እኔ እንደዚሁ ነኝ።»

ሊኔያ ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድብ በተሻላት።

«እንግዲህ አንቺም ትሄጃለሽ» አለች ማርሎ በቀስታ።

«የት ነው የምሄደው? ይኸው አጠገብሽ ነኝ።»

ማርሎ ሳህኗን አንስታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ቪዲዮውን ብቻዋን ሠራችው። ሊኔያ ማታ ስልኳ ላይ ማየት ጀምራ ግማሽ ላይ ስትደርስ አቆመችው። ማርሎ እያለቀሰች ነበር፤ ከቪዲዮው ሥር የማያውቋት ሰዎች በልብ ምልክት ያጽናኗታል።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ማርሎ መምጣት ተወች። አርን አንድ ሁለቴ «ያቺ ለፍላፊ ልጅ የት ጠፋች?» ብሎ ጠየቀና እሱም ተወው።

ዴላን ከድራማው ያስወጧት የሐይቁ በረዶ መሰንጠቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። ሞት እንኳን አልሰጧት፤ ስንብትም የለም። የቡድኑ አለቃ እየተራመደ «ዴላ ወደ ደቡብ ተዛውራለች» አለና፣ ሁሉም ስለ ተበላሸ ሞተር ማውራት ቀጠሉ።

«ምነው፣ ያቺን ልጅ ምን አደረጓት?» አለ አርን ከወንበሩ ላይ።

«አስወጧት።»

«ለምን?»

«ማንም አልፈለጋትም። ሚናን የወደዱት ከሃዲ አሏት፤ ሌሎቹ ደግሞ ድሮም አይፈልጓትም።»

«እኔ እወዳት ነበር እኮ።»

«አንተማ የወደድካት ልብ ገዛች ስትል ነው፣ አባዬ።»

አርን ሊስቅ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ሊኔያ ፊቷን ስታዞርበት አየ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋና መጥቶ ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ፤ የሥራ ልብሱ ብረት ብረት ይሸታል።

«ሊኔ፣ ያን ቀን የሚያስከፋሽ ነገር ተናገርኩ?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱም ምንም ሳይጠይቅ ጀርባዋን ደባበሳት። ድምፅ የሌለው ድራማ እስኪያልቅ ሁለቱም ከቦታቸው አልተነሱም።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ማርሎ ብቻዋን ቆማ ጠበቀቻት። ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ጭቃ የሆነውን በረዶ በጫማዋ ጫፍ ትቆፍራለች።

«አስወጧት አይደል?» አለች። «ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም ደስ አላለኝም።»

«እኔም ከፋኝ።»

«ናፍቀሽኛል፣ ሊኔያ። ወላሂ ሐሙስ ሲደርስ እቤት መቀመጥ ያቅተኛል።» ማርሎ ቀና አለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ስሚ፣ ያን ቀን ያልሽውን ነገር... እኔ አልሰማሁም፤ አንቺም አላልሽም። እሺ? እንደ ድሯችን እንሁን።»

አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ሊኔያ የማርሎን ፊት አየችው፤ እያንዳንዷን ጠቃጠቆ ታውቃታለች። «እሺ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዛሬ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ድራማ ይጀምራሉ። እሷም ስለ ካይ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንገቷን ትደፋለች።

«ብያለሁ» አለች። «አንቺም ሰምተሽኛል፣ ማርሎ።»

የአውቶቡሱ በር ተከፈተ። ማርሎ አልተንቀሳቀሰችም። ሊኔያ ደረጃውን ወጣችና መሃል አካባቢ ካለው ባለ ሁለት ሰው ወንበር ወደ መስኮቱ ጥግ ገብታ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከጎኗ አስቀምጣ ነበር። አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችውና ቦታውን ለማርሎ ለቀቀች።