ሳይዘጋ የቀረው ማይክ

ፍራንዚስካ ከሴቬሪን ጋር የተዋወቀችው በጸደይ፣ በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ፣ ሰው በሞላው ትራም ላይ ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ ኮምፒውተሩን ሰረቅ አድርጋ ስታይ፣ ስክሪኑን ትንንሽ ሳጥኖችና ሳጥኖቹን የሚያያይዙ ክሮች ሞልተውታል።

«የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነህ?» አለችው።

«ሙዚቃ ነው።»

«እኔም ንግሥት ነኝ።»

ሳቀና የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ሰጣት። አንዱን ሳጥን ሲነካ ጆሮዋ ውስጥ የደወል ድምፅ ፈሰሰ፤ ሌላውን ሲነካ ጠፋ። መውረጃዋ አለፋት።

ከዚያ ወዲህ እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ድምፅዋን በሳጥኖቹ አሳልፎ ያበዛዋል፣ ያርቀዋል፣ ይመልሰዋል። ያስቸገረው ድምፁን መክፈትና መዝጋት ነበር። በድንገት ሲዘጋው ሞገዱ መሃል ላይ ይቆረጥና ድምፅ ማጉያው «ቷ!» ይላል። ክፍት ቢተወው ደግሞ፣ ማንም የማይሰማው ድምፅ ውስጥ ለውስጥ እየሠራ ኮምፒውተሩን ያዝለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀስ እያደረገ ወደ ዝምታ ያወርደዋል፣ ከዚያ ይዘጋዋል።

ስለ ራሳቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። ሲሰነባበቱ እጇን ከሚገባው በላይ ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ የታመሙት አባቱ ትዝ ይሉትና ይሮጣል።

መኸር ላይ ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ ከብሬገንዝ ከተማ፣ የመዘምራን ሥራ አገኘች። ስትነግረው ለአፍታ ዓይን ዓይኗን አያት።

«ጥሩ ዕድል ነው» አለና ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለሚያቀርቡት ኮንሰርት ሲለማመዱ፣ ሁለቱም ዝለው ነበር። እሷ ጠዋት ሙሉ ልጆች መዝሙር ስታስተምር አርፍዳ፣ ዳቦዋን ትራም ውስጥ ገምጣ ነው የመጣችው። የሱም ዓይኖች እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል።

«ትንሽ እረፊ፤ ማይኩን እዘጋዋለሁ» አላት ከላይ ከሰገነቱ።

መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እህቷ ሌኒ ጋ ደወለች። ማይኩ አንገትጌዋ ላይ እንዳለ ረስታዋለች።

«ልሄድ ነው፣ ሌኒ... አዎ እወደዋለሁ፤ ምን ዋጋ አለው? አንዴ አትሂጂ ቢለኝ ሻንጣዬን አልነካም ነበር። ደከመኝ እኮ! ያደከመኝ ዘፈኑ አይደለም፣ እሱን መጠበቅ—»

«ቷ!» አለ ድምፅ ማጉያው።

ፍራንዚስካ ደርቃ ቀረች። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። አሁን የተዘጋ ነገር እስካሁን ክፍት ነበር ማለት ነው። ፊቷ በእሳት እንደተለበለበ ሆነ፤ ስልኩን ዘግታ ኮቷን አነሣች።

ሴቬሪን ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ በሩ ላይ ደረሰባት።

«ሰምተሃል።»

«ማጉያውን ዝቅ አደረግሁት እንጂ ማይኩን አልዘጋሁትም ነበር። የጆሮ ማዳመጫውን ሳደርግ... ሰማሁ።»

«ቀስ አድርገህ ብትዘጋው ኖሮ መስማትህን አላውቅም ነበር!»

«ቀስ ብዬ ብዘጋው ሌላም እሰማ ነበር። ያንቺ ነገር ነው፤ አልተፈቀደልኝም።»

ቁጣዋ የሚቆምበት እግር አጣ።

«እና ለምን ጥሩ ዕድል ነው አልከኝ?»

«የአባቴን ነገር ታውቂያለሽ። እኔ አጎርሳቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ። እኛ ቤት ነይና አብረሽኝ ድከሚ ልበልሽ?»

«ሳትጠይቀኝ ወሰንክልኝ።»

«ልጠይቅሽ ታዲያ...»

«ዛሬ አይሆንም። ዛሬ ብትጠይቀኝ አለቅሳለሁ፤ ለምን እንዳለቀስኩም አላውቀውም። ነገ፣ ከተኛሁ በኋላ ጠይቀኝ።»

በማግስቱ ማለዳ የቤቷ ደወል ጮኸ። ስትከፍት ሴቬሪን ቆሟል። ከፊቱ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸው አባቱ ሩፐርት እስከ አገጫቸው በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል።

«አባቴን የሚጠብቅልኝ ሰው አጥቼ ነው» አለ አፍሮ። ከዚያ አንድ ጊዜ ተነፈሰ። «ፍራንዚ፣ አትሂጂ። ኑሮዬ ይኸው ነው፣ የተደበቀ የለውም። ብትሄጂ አልቀየምሽም። ግን አትሂጂ።»

ልታየው ፈልጋ ማየት አልቻለችም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቃላቱ በአንድ ጎን ከንፈራቸው እየተጎተቱ ወጡ።

«ልጄ... ወይ አስገቢን... ወይ አሰናብቺን። በረዶ ሆንኩ።»

ፍራንዚስካ ሳቋ አመለጣት፤ ከሰነበተ ድካሟ ሥር ፈንቅሎ የወጣ ሳቅ ነበር። በባዶ እግሯ ወጥታ የወንበሩን አንድ ጎን ያዘች፤ ሴቬሪን ሌላውን። መግቢያው ላይ ደረጃ ስላለ ሁለቱም እኩል ማንሣት ነበረባቸው።

«ከባድ ነኝ» አሉ ሩፐርት።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለች፤ አነሡ።