ያልታየው እጅ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ያላባራው ካፊያ የሕሙማኑን ክፍል መስኮቶች አደብዝዟቸዋል።

ቁጥሬ ብርድ ልብሱን ከአናጺው ቀኝ እጅ ላይ ገለጥ አደረገችና ባለችበት ቀረች። እጃቸው ከጣቶቹ ሥር እስከ ክንዳቸው አጋማሽ አብጧል። ቆዳው ተወጥሮ እንደ ሰም ያብለጨልጫል። መድኃኒት የሚያስገባው ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላው፣ በገባበት ቦታ ዙሪያ ነጥቷል። በጣቷ ጀርባ ነካ አደረገችው፤ ይቀዘቅዛል። ከላይ፣ ከብረቱ ማንጠልጠያ፣ ግሉኮሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መንጠባጠቡን ቀጥሏል።

የቱቦውን መቆጣጠሪያ አሽከርክራ ዘጋችው። ጠብታው ቆመ።

«አባባ፣ ያምዎታል?»

አናጺው ራሳቸውን በአዎንታ በቀስታ ነቀነቁ። ከሦስት ቀን በፊት እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ ድምፃቸው ገና አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በደማቸው ውስጥ ካልሲየም ስላነሰ፣ ካልሲየም ከግሉኮስ ጋር ተቀላቅሎ በደም ሥራቸው ይሰጣቸዋል። አሁን ግን መርፌው ከደም ሥሩ ወጥቷል። መድኃኒቱ የሚፈሰው ሥጋቸው ውስጥ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠጋች።

«ቆየ፣ ልጄ» አሉ በትንፋሽ። «ልጠራችሁ ድምፅ የለኝም። የጎን አልጋውም ባዶ ነው። ደግሞ መድኃኒቱ ሲገባ ትንሽ ያቃጥላል ብላችሁኝ ነበር። እሱ ነው ብዬ ቻልኩት።»

በአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ቅጽ ቁጥሬ አላነሳችውም። የሚለውን ታውቀዋለች፤ የጻፈችው እሷ ናት።

ደንቡ ቀላል ነው። ካልሲየም የሚወስድ ታማሚ እጁ በየሰዓቱ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ጠብታው ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የሰዓቱ ሳጥን ይሞላል። በነርስ ትምህርት ቤቱ ይህን ደንብ እንደ ቁጥሬ የሚወድ አልነበረም። ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጠብታ ስትቆጥር ያዩ የክፍል ጓደኞቿ በመጀመሪያው ወር አወጡላት፤ እናቷ ያወጣችው ስም በመዝገብ ላይ ብቻ ቀረ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰፈሩ ከወዲሁ «ዶክተር» ይላታል፤ እናቷም አንድ ቀን እንኳ አላረመቻቸውም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመርፌ አሰጣጥ የተግባር ፈተና አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የአናጺውን እጅ አይታ «ደህና» ብላ እንደጻፈች፣ በሚቀጥለው ረድፍ የተመደበችው ጓደኛዋ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። ይህችን ቆቅ ይሏታል፤ ኮቴ ከሩቅ ሰምታ ስለምትሰወር።

«ነይ፣ አንሶላ ክፍል ማንም የለም። ብርቱካን ይዣለሁ፣ እሱን እየወጋን እንለማመድ።»

«ሁለት ሰዓት ላይ ማየት አለብኝ።»

«እና ሙዪዋ! ሽማግሌው የት ይሄዱብሻል? የሁለትንም የሦስትንም ሙዪና ነይ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ከጠብታ ጋር የምታወሪው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ቁጥሬ ሳቀች። ከዚያም በሁለቱ ባዶ ሳጥኖች ውስጥ «ደህና»፣ «ደህና» ብላ ጽፋ ፈረመች።

በአንሶላ ክፍሉ ውስጥ መርፌውን ለጡንቻ ቀጥ አድርገው፣ ከቆዳ ሥር ለሚሰጠው አጋድመው ብርቱካኑን ወጉት። ቆቅ በየመሐሉ «እማማ ብርቱካን፣ አይዞዎት፣ እንደ ትንኝ ንክሻ ነው» እያለች ታባብለዋለች። ሳቃቸውን በትራስ አፈኑት። ሰዓቱ እንዴት እንደነጎደ አላወቁም።

አሁን ቁጥሬ ሲስተርን ጠራች።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሮጠው አያውቁም፤ ግን ሁልጊዜ ቀድመው ይደርሳሉ። ባዶ ሲሪንጅ ከካኑላው ጋር አገናኝተው ወደኋላ ሳቡ፤ ጥቂት ፈሳሽ መጣ። ካኑላውን ነቀሉ። እጁን በሁለት ትራስ ላይ ከፍ አድርገው አሳረፉት። ከዚያ ቅጹን አነሱ።

«ሦስት ሰዓት ላይ ደህና ነበር ይላል። እንግዲያው ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው።» ትከሻቸው ላላ። «ቢቆይ ኖሮ የቀዶ ሐኪም አሁኑኑ ነበር የማስጠራው። ካልሲየም ሥጋ ውስጥ ሲያድር ሥጋውን ይገድለዋል። ለአንድ ሰዓት ግን እጅን ከፍ አድርጎ መጠበቅ ይበቃል። ሐኪሙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲዞሩ ያዩታል።»

ወደ ቁጥሬ ዞሩ። «ቶሎ ደርሰሽበታል። ጎበዝ።»

ከዚያ ቃል ይልቅ ጥፊ ይቀልላት ነበር።

ቆቅ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቃት ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«ጎበዝ ተብለሻል፤ አፍሽን ያዢ።»

«ሦስት ሰዓት ላይ አላየኋቸውም። ሁለት ሰዓት ላይም አላየኋቸውም። ምናልባት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ነው።»

«ምናልባት ደግሞ ከሩብ ሰዓት በፊት ነው። ማን ያውቃል? አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም።»

«እሳቸው ቆየ ብለዋል።»

«ለታመመ ሰው አምስት ደቂቃም ቆየ ነው።» ቆቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ፣ ያላየውን የጻፈ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ነው የሚውለው። ፈተና የለ፣ ጋውን የለ። ለእናትሽ ምን ልትያት ነው? ‹ዶክተሯ ተባረረች›? ደግሞ የአናጺ እጅ እኮ ነው፤ ስንት መዶሻ የቀመሰ። በዘጠኝ ሰዓት ይረግባል።»

«ባይረግብስ?»

ቆቅ ክንዷን ያዘቻት። ዓይኗ ቀልቷል። «እኔ ነኝ የወሰድኩሽ» አለች። «እኔንም ይዘሽኝ ነው የምትገቢው።»

ቁጥሬ ወደ አልጋው ተመለሰች። አናጺው ትራሱ ላይ የተቀመጠውን እጃቸውን የሰው ዕቃ ይመስል እያዩት ነበር። አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር ሊያገናኙ ይሞክራሉ። ጣቶቹ ይቀራረባሉ፤ አይነካኩም።

«መጋዝ የምይዝበት ነው» አሉ በትንፋሽ። «አንድ በር ጀምሬ ትቼ መጣሁ። ከበሩ ቀረኝ የምለው ማጠፊያው ነው።»

ቁጥሬ ከእጃቸው ሥር ያለውን ትራስ አስተካከለች።

«አልፈራሁም ግን» አሉ። «ጠዋት ወረቀቱ ላይ ደጋግመሽ ስትጽፊ አየሁሽ። ይህች ልጅ ጠንቃቃ ናት፣ የሚሆን ነገር ካለ እሷ ታየዋለች ብዬ ተኛሁ።»

ቁጥሬ ከአልጋው ግርጌ ቅጹን አነሳች።

በሕክምና ቅጽ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ በነጭ ቀለምም አይሸፈንም። ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ በጎኑ እውነቱ፣ ሰዓቱና ፊርማው ይሰፍራሉ። ይህን የተማሩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቁጥሬ በሁለቱ «ደህና» ላይ መስመር ሳበች። በጎናቸው «አልታየም»፣ «አልታየም» ብላ ጻፈች። «አራት ሰዓት ከሃያ» ብላ ፈረመች።

ሲስተር ጠረጴዛቸው ላይ ከትንሽ ብልቃጥ መድኃኒት በሲሪንጅ እየቀዱ ነበር። ቀድተው እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው፤ መድኃኒት የሚቀዳ ሰው አይጠራም። ከዚያ ቅጹን አስቀመጠችላቸው።

«ሲስተር፣ በሁለትና በሦስት ሰዓት እጃቸውን አላየሁም። አንድ ሰዓት ላይ ነው ቀድሜ የጻፍኩት።»

ሲስተር አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት።

«የት ነበርሽ?»

«አንሶላ ክፍል፣ ለፈተናው ስለማመድ።»

«ከማን ጋር?»

ቁጥሬ በሩ ላይ የቆመችውን ቆቅን አላየቻትም። «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሲስተር ስልኩን አነሱ። «የቀዶ ሐኪሙን አገናኙኝ፤ አስቸኳይ ነው።» እስኪገናኙ ድረስ ቀና ሳይሉ ጠየቁ፤ «ጠብታው ስንት ነበር?»

«በደቂቃ አሥራ አምስት።»

«ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ቢሆን፣ ቢበዛ ስንት ገብቷል?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው… መቶ ሠላሳ አምስት።»

ሲስተር ቁጥሩን በስልኩ ደገሙት። እጁ ማበጥ ከጀመረ ሦስት ሰዓት ያህል ሊሆነው እንደሚችል ተናገሩ። ስልኩን ሲዘጉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁጥሬ የስም ባጇን ከደረቷ ነቅላ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ሐኪሙ እስኪመጡ አጠገባቸው ቆይ» አሉ ሲስተር። «እጃቸውን ዝቅ እንዳያደርጉ። ከዚያ በኋላ ቢሮ እንገናኛለን።»

ቁጥሬ ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ያበጠውን ክንድ በሁለት መዳፏ ደግፋ ያዘችው።

ቆቅ መጥታ ከኋላዋ ቆመች።

የቀዶ ሐኪሙ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ደረሱ።