አምስተኛው ችካል

ቀያሹ በደረቱ እንደተደፋ ነበር የተገኘው። ከወገቡ በላይ የድንጋይ ክምር ተጭኖታል፤ ከክምሩ ሥር አንድ እጁ ብቻ ወጥቶ ጭቃው ላይ ተዘርግቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ አፈሩን እየጠረገ፣ ቦዩን እየከፈተ ሲያድሰው የኖረው አሮጌ መንገድ በመጨረሻ በላው ሲሉ የተሰበሰቡት ሰዎች ያንሾካሽካሉ።

መርማሪዋ ስትደርስ ጫማዋ ውኃ አስገብቶ ስለነበር ፊቷ አልተፈታም። ጥቃቅኑን ሁሉ ስለምታጣራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ጥቂቱ ለማድነቅ፣ የሚበዛው ለመሸርደድ። አለቃዋ በስልክ የሰጣት ትእዛዝ አጭር ነበር። የዘመመ ካብ በዝናብ ተንዷል፣ ግንበኛው ድጋፍ አላቆመለትም፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለሽ ዝጊው ነው ያላት።

መንገዱ ግራና ቀኙ በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ ከአንድ አነስተኛ መኪና በላይ የማያሳልፍ ጠባብ ነው። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ እሾህ ውጦት ኖሮ፣ አምስት በጎ ፈቃደኞች በትርፍ ጊዜያቸው እየተሰበሰቡ ነፍስ ዘሩበት። ከአምስቱ አንዱ ይኸው ተደፍቷል። ግንበኛው፣ ጡረተኛዋ ነርስና ዳቦ ጋጋሪው ከሬሳው ራቅ ብለው ካብ ለካብ ይተያያሉ። አምስተኛው፣ የግንበኛው ታናሽ ወንድም አናጢው፣ ወገቡን ከያዘው ሳምንት ሆኖታልና እዚያው መንገዱ ዳር ካለው ቤቱ አልወጣም።

ግንበኛው በተገለበጠ የእጅ ጋሪ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያያል።

«ዘሟል፣ ግን እስከ ነገ ይቆማል ያልኩት እኔ ነኝ» አላት። «ዛሬ ልናወርደው ነበር። አርባ ዓመት ስክብ አንድም ቀን ሰው ላይ ወድቆብኝ አያውቅም። ከሰው ሁሉ መርጦ ጓደኛዬን! እሰሪኝ ልጄ፤ ከእንግዲህ ድንጋይ የሚነካ እጅ የለኝም።»

አሳዘናት። አለቃዋ እንዳላት ብትዘጋው እስር ቤቱ ይቅርና ይህ ሰው ራሱን እስከ መቃብር እንደማይፈታ ገባት። ስለዚህ ሱሪዋን ሰብስባ ድንጋዮቹ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

አንዱን ገለበጠችው። ጠፍጣፋው ፊቱ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር አለ። ሁለተኛውን ገለበጠች፤ ቁጥር። ሠላሳ አራት ነበሩ፤ ሁሉንም እየገለበጠች ወደ ጎን አኖረች። ዳር ዳሩ ቢነካካም ሁሉም ይነበባል፤ ቁጥሩ ወደ ሰማይ የዞረ ግን አንድም አልነበረም።

ቁጥሩን የጻፈችው ነርሷ ናት። ካብ ሲታደስ እያንዳንዱ ድንጋይ ወደ ቦታው መመለስ ስላለበት፣ ከመውረዱ በፊት በመንገዱ በኩል ባለው ፊቱ ላይ ቁጥር ይጻፍበታል። ትናንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጽፋ ጨረሰች፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ ቀያሹ የቀሩትን ችካሎች ልትከል ብሎ ቀረ። ዝናቡ የመጣው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

«ድንጋዩን ስታወርዱ ቁጥሩን ወዴት ታዞሩታላችሁ?» ስትል መርማሪዋ ነርሷን ጠየቀቻት።

«ድሮማ ወደ መሬት ነበር ልጄ፣ ዝናብ እንዳያጥበው። ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠራን። ባለፈው ሰኞ ግንበኛው እያገላበጡ ቁጥር መፈለግ ሰለቸኝ አለና ሸራ አመጣ። አሁን ቁጥሩን ወደ ላይ አድርገን ሸራ እናለብሰዋለን።»

ከመንገዱ ዳር ያለውን ሸራ ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። የሳምንቱ ድንጋዮች በረድፍ ተደርድረው ቁጥራቸውን ወደ ላይ አሳይተዋል። ነርሷ ሸራውን መልሳ እያለበሰች፣ ዳቦ ጋጋሪውና ሟቹ ሰሞኑን ክፉኛ እንደተጣሉ በሹክሹክታ ጨመረች።

ዳቦ ጋጋሪው አልካደም። የዳቦ መኪናው እንዳያልፍ ቀያሹ መንገዱ አፍ ላይ ድንጋይ ሊተክል ነበርና ሰድቦታል። «ግን ሳምንቱን ሙሉ አብሬው ድንጋይ ተሸክሜያለሁ» አለ። «ተኮራረፍን እንጂ ሥራ አላቆምንም።»

መርማሪዋ መንገዱን ይዛ ጥቂት እርምጃ ወደ ላይ ሄደች። ቀያሹ የድሮውን መንገድ ጠርዝ ከአፈር ሥር እያወጣ በችካል ምልክት አድርጎበታል፤ አራት ነጭ ችካሎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። አምስተኛው የለም፤ ቀዳዳው ግን አለ፣ አዲስ ነው፣ ውኃ ሞልቶታል። መስመሩን በዓይኗ ብትከተለው ከቀዳዳው አልፎ የአናጢው መኝታ ቤት ውስጥ ገባ።

አናጢው ወገቡን በትራስ ደግፎ ተቀብሏት ከሰኞ ጀምሮ መንገዱን እንዳልረገጠ፣ ጎንበስ ማለት እንኳ እንደማይችል በዝርዝር ነገራት። ቤቱን ከወንድሙ ጋር እንደሠሩት ሳትጠይቀው አጫወታት። በመሐል እስክሪብቶዋ ወደቀ፤ ጣለችው ቢባል ይሻላል። አናጢው ሰው አክባሪ ነውና ጎንበስ ብሎ አንሥቶ ሰጣት። አመሰገነችውና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አራቱም መንገዱ ዳር ባለችው የሥራ ዕቃ ማስቀመጫ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰማዩ ዳግመኛ ጠቁሯል፤ ከግድግዳው ኋላ ቦዩ ያጉረመርማል። አናጢው በምርኩዝ መጣ። ግንበኛው ተነሥቶ ወንበሩን ለወንድሙ ለቀቀለት።

«ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደውሎልኛል» አለች መርማሪዋ። «ቀያሹን የገደለው ማጅራቱ ላይ ያረፈ አንድ ምት ነው። ድንጋዮቹ ሲጫኑበት ሞቶ ነበር። ጋሼ፣ ካቡ ማንንም አልገደለም።»

ግንበኛው ቀና አለ።

ቀስ እያለች አስረዳቻቸው። የተናደ ካብ ድንጋዩን እንደ ፈቀደ ይበትነዋል፤ ገሚሱ በፊቱ፣ ገሚሱ በጀርባው ይወድቃል። እነዚህ ሠላሳ አራቱም ቁጥራቸውን ወደ መሬት ደፍተዋል፣ ስለዚህ ያኖራቸው የሰው እጅ ነው። ካቡ ቆሞ ሳለ ዘንቦ ቢሆን ቁጥሩ ታጥቦ ይጠፋ ነበር፤ ስላልጠፋ ከዝናቡ በፊት ወርደዋል። ሰውየው ሬሳውን ካቡ ሥር ጎትቶ፣ ካብ የተናደ ለማስመሰል ሲጣደፍ እጁ ሁለት ዓመት የለመደውን ሠራ።

«እንደዚያማ ሁላችንም ለምደናል» አለ አናጢው።

«እስከ ሰኞ። ከሰኞ ወዲህ ግን የሦስቱ እጅ ሌላ ለምዷል። ሰኞ ያልነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ደግሞ ወገብህ ደህና ነው፤ እስክሪብቶዬን አንሥተህልኛል። አምስተኛውን ችካል የነቀልከውም መስመሩ ቤትህን ለሁለት ስለሚከፍለው ነው።»

አናጢው ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ወንድም ጋሼ፣ ለማዘጋጃ ቤት አመለክታለሁ አለኝ። ቤቱ ይፈርሳል አለኝ። ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ችካሉን መምታት ቀጠለ።»

ነርሷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መርማሪዋ ማስታወሻዋን ገለጠች። ግንበኛው ወንድሙን አላየውም፤ እንደ ሽማግሌ እየተጎተተ ወደ እሷ መጣና በሁለት እጁ ክንዷን ያዘ።

«ልጄ» አላት፣ «በእናትሽ፣ ካቡ ነው ብለሽ ጻፊው።»

«አልችልም ጋሼ።»

«ይቆማል ያልኩት እኔ ነኝ። ድጋፍም አላቆምኩም። እኔ እችለዋለሁ፣ ካቡ ነው በይው።»

እጆቹን ከክንዷ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸውና የአናጢውን ቃል መጻፍ ጀመረች።