ሃያ ግራም ናስ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በኦርቪል ሃውገን ምድር ቤት ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ጥይት በሚሞላበት የጥድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ በስተግራ የጎረቤቱ የሜርል ኒጋርድ አሮጌ ባለክንድ ሚዛን ሳጥኑ ውስጥ ተከድኖ፣ መካከል ላይ የወንድሙ የድዋይት የእጅ መስፈሪያ፣ በስተቀኝ ደግሞ ባሩዱን ራሱ ሰፍሮ ራሱ የሚመዝነው የሴት ልጁ ባል የከርቲስ ኤሌክትሪክ ሚዛን። ኦርቪል የራሱ ሚዛን ተሰብሮበት አዲስ ሊገዛ አስቦ ነበር፤ ከመግዛቱ በፊት የሦስቱንም ተውሶ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወዳድር ከረመ። ከኤሌክትሪኩ ሚዛን አጠገብ፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ፣ ሚዛኑ የሚስተካከልበት ባለ ሃያ ግራም የናስ መመዘኛ ነበር። የባሩድ ጣሳው አንድ ብቻ ነው። ኦርቪል በአርባ ዓመት ውስጥ ሁለት ጣሳ ባንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ አያውቅም።

ሃያ ጥይት ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዴ ተኮሰ።

ጠመንጃው እጁ ላይ ፈነዳ። መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ተወርውሮ በቀኝ ዓይኑ ገባ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከኢላማው መደገፊያ ሥር ተገኙ። ልጁ አኔል በጀሶ የታሰረ ክንዷን አቅፋ ስትደርስ አባቷ አሁንም ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱ ግን አልነበረም።

የሸሪፉ መርማሪ ሎርና ቴስኬ ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ሸሪፉ ጉዳዩን ሊዘጋው ደርሶ ነበር። ሎርና ወደ ፖሊስነት ከመግባቷ በፊት በሞንታና የእህል ጎተራዎች እየዞረች አሥራ አንድ ዓመት ሚዛን ስትቆጣጠር የኖረች ሴት ናት። ገበሬዎቹ እስከ ዛሬ «ሚዛኗ» ይሏታል።

«አደጋ ነው» አለ ሸሪፉ። «ከርቲስ ነው ያሳየኝ፤ እዪው።»

በሜርል ሚዛን ሳጥን ላይ በኦርቪል እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ የሜርል ሚዛን ይዋሻል። ሃያውን ሃያ ስድስት ይላል። ይመለስለት።

ሎርና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። «የቀሩትን ጥይቶች ማን ነካ?»

«ማንም። አሥራ ዘጠኙም እኔ ጋ ናቸው።»

«አንድ በአንድ አስፈትቼ ባሩዳቸውን እመዝናለሁ። ኤሌክትሪኩ ሚዛንስ?»

«ከርቲስ ቅዳሜ ከሰዓት ወሰደው። የኔ ነው ብሎ።»

ሳጥኑን ይዛ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሜርል ነበር። የሰባ አንድ ዓመቱ ሽማግሌ ወጥ ቤት ተቀምጧል። ጎረቤት ያመጣለት በድንች የተጋገረ ሥጋ ሳይነካ ደርቋል። አራት ጠመንጃዎቹ በር ላይ ተደግፈዋል።

«ወዴት ሊወስዷቸው ነው?»

«ለፈለገ። እኔ ከእንግዲህ ብረት አልነካም።» ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። «ባለፈው ክረምት ያንን ሚዛን ጣልኩት። ክንዱን ራሴ በየድኩት። ደህና ነው ብዬ አዋስኩት። ገደልኩት፣ ሎርና።»

«እስቲ ይቆዩ፣ ለመሞት አይቸኩሉ።»

ከቦርሳዋ የራሷን መመዘኛ በወረንጦ አወጣች። ሚዛኑን አቆመች፣ እግሩን አስተካከለች፣ መርፌው ዜሮ ላይ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያ ሃያ ግራሟን አስቀመጠች።

«ምን ይላል?» አለ ሜርል፣ ለማየት ፈርቶ።

«ሃያ። ብየዳዎት አስቀያሚ ነው እንጂ ሚዛንዎት ቀጥ ያለ ነው።»

«ታዲያ ኦርቪል ለምን ይዋሻል አለ?»

«እሱን ነው የምፈልገው። ጠመንጃዎቹን ይመልሱ፤ ምግቡንም ይብሉ።»

ድዋይትን ያገኘችው የወንድሙን ሬሳ ሣጥን መኪና ላይ ሲጭን ነው። በግራ እጁ የጣት አንጓዎች ላይ የቆየ ቁስል አለ።

«ባለፈው ወር ከብት ጨረታ ላይ ኦርቪልን በቡጢ ጥለኸዋል» አለችው።

«ሁለት ጊዜ። እሱም አንድ ጥርሴን ወስዷል።» ድዋይት ከንፈሩን ገልጦ ክፍተቱን አሳያት። «በአጥር ነው የተጣላነው። ወንድሜ ነው፤ የመታሁትም ወንድሜ ስለሆነ ነው። ባዕድ ብመታ አሥረሽኝ ነበር።»

«ዛሬም አላመለጥክም። መስፈሪያህን ተጠቀመበት?»

«ምን ሊያደርገው! ‹ያንተ ዕቃ እንዳንተ ነው፣ በግምት ይሄዳል› ብሎ ሰደበኝ።» ሳቀና ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። «ወንድሜ ‹ሚዛን ይዋሻል፣ መመዘኛ አይዋሽም› ይል ነበር። አዲስ የናስ መመዘኛ ካየ ሌላ ነገር አያምንም።»

«መመዘኛው የማን ነበር?»

«ከከርቲስ ሚዛን ጋር የመጣ ነው። ባሩዱንም እሱ ነው ያመጣለት፤ የለመድከው ከገበያ ጠፋ ብሎ። አዲስ ዓይነት። ኦርቪል ቀለህ ውስጥ እስከየት እንደሚሞላ እንኳ አያውቀውም ነበር።»

«የአኔልን ክንድ ማን ሰበረው?»

ድዋይት ገመዱን ጥብቅ አድርጎ ሳበው። «ከፈረስ ወደቀች ይላሉ። ፈረሱ ከርቲስ ይባላል። ኦርቪል ‹ሰኞ ዳኛ ፊት ቀርቤ ያየሁትን እናገራለሁ› ብሎት ነበር። ዛሬ ሰኞ ነው።»

ከርቲስ ብራንድቮልድ በብየዳ ቤቱ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ሚዛኑንም መመዘኛውንም ሳትጠይቀው አወጣላት።

«መርምሪው። የኔ ሚዛን ቢሆንማ ራሴን እሰቅል ነበር።»

መመዘኛውን በራሷ ሚዛን ላይ አደረገችው። ሃያ ግራም። ኤሌክትሪኩንም ሞከረችው፤ ልክ ነበር።

«አኔል አባቷ ቤት ልትቆይ ነው?»

«የት ትቆያለች? ሐሙስ ከቀብር በኋላ ወደ ቤቷ ትመጣለች። ባል አላት።»

የሎርና ዓይን ከእሱ ጀርባ ባለው ጣሳ ላይ አርፏል። ጣሳው ለብየዳ በሚሆኑ ቀጫጭን ግራጫ የተንግስተን ዘንጎች ተሞልቷል። አንዷን አንስታ በመዳፏ አመዛዘነች።

«ይከብዳል» አለች።

«ብረት አይደል» አለ ከርቲስ።

ሐሙስ ከቀብር መልስ ሎርና ሁሉንም ወደ ኦርቪል ምድር ቤት አወረደቻቸው። አኔል ደረጃው ሥር ቆመች፤ ሻንጣዋ ፎቅ ላይ በር አጠገብ ተዘጋጅቷል። ከርቲስ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ድዋይት ግድግዳ ተደግፏል። ሜርል ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። ሸሪፉ በሩን ዘጋ።

«ረጅም ነው?» አለ ከርቲስ። «መንገድ አለብን።»

«አጭር ነው። ኦርቪል የሜርል ሚዛን ሃያውን ሃያ ስድስት ይላል ብሎ ጻፈ። እናንተ ሁላችሁ ሚዛኑ ገደለው አላችሁ። አሁን አስቡት፤ አብዝቶ የሚናገር ሚዛን ያመነ ሰው ባሩድ ያበዛል ወይስ ያሳንሳል?»

ድዋይት ቀድሞ ገባው። «ያሳንሳል። ሞላ ሲለው ገና ነው።»

«ያሳንሳል። ስለዚህ ያ ሚዛን ደካማ ጥይት ያሠራ ይሆናል እንጂ ሰው አይገድልም። ደግሞ አልዋሸም፤ ሰኞ ሞክሬዋለሁ። ታዲያ ልከኛ ሚዛን ሃያ ስድስት ካለ፣ ላዩ ላይ የተቀመጠው ሃያ ስድስት ነበር ማለት ነው። የዋሸው መመዘኛው ነው።»

ሜርል ባርኔጣውን ጣለ።

«መመዘኛውን እኮ መዝነሽዋል!» አለ ከርቲስ። «ሃያ ነው!»

«ያሳየኸኝ ሃያ ነው። ኦርቪል ኤሌክትሪኩን ያስተካከለው ግን በሌላው ነው። ሃያ ስድስቱን ሃያ ነው ብሎ የተማረ ሚዛን፣ ሃያ ባለ ቁጥር ሃያ ስድስት ይሰፍራል። አሥራ ዘጠኙን ጥይት አስፈታሁ። ኦርቪል ልኩን በሚመዘግብበት ደብተር ከተጻፈው ባሩዱ በእያንዳንዱ ከመቶ ሠላሳ ይበልጣል። ሃያ ስድስትም ከሃያ ከመቶ ሠላሳ ይበልጣል። ሰው ሲሳሳት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በአንድ ልክ አይሳሳትም።»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ።

«መጠኑ ሳያድግ እንዲህ የሚከብድ ናስ የለም» ቀጠለች። «ሆዱ ተበስቶ ከናስ ከእጥፍ በላይ የሚከብድ ነገር ከገባበት ግን ይሆናል። በዚህ ሸለቆ ተንግስተን ያለው አንድ በያጅ ነው። ሚዛኑን ያዋሰው እሱ፣ ባሩዱን የቀየረው እሱ፣ ሬሳው ሳይነሳ ዕቃውን ወስዶ በትክክለኛው መመዘኛ መልሶ ያስተካከለው እሱ ነው። ሰኞ ፍርድ ቤት እንዳይመሰከርበት የፈለገውም እሱ ነው።»

አኔል ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። «በሩን ክንዴ ላይ የዘጋህብኝ ቀን አባቴ መስኮት ላይ ነበር። አይቶሃል።»

«አፍሽን ዝጊ!» ከርቲስ ተወረወረ። ሸሪፉ ሳይደርስ የአኔልን አንገት በግራ እጁ አንቆ ግድግዳው ላይ አጋጫት፤ በቀኙ ጠረጴዛው ላይ ከታሰረው የጥይት መሙያ መሣሪያ የብረት እጀታውን ነቅሎ አነሳ። ሜርል ክንዱ ላይ ተንጠለጠለ፤ እጀታው ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ሽማግሌው ግን አልለቀቀም። በዚያች ቅጽበት አኔል በጀሶ የታሰረ ክንዷን ከታች ወደ ላይ አምዘግዝጋ የባሏን አፍንጫ መታችው። ደሙ ጠረጴዛው ላይ ተረጨ። ሁለተኛ መታችው። ድዋይት ጉልበቱን ረግጦ ሲጥለው ሎርና ጀርባው ላይ ወጥታ ካቴናውን ቆለፈች።

«ደግሚው ልጄ» አለ ድዋይት እያለከለከ። «ሸሪፉ እያየ አይደለም።»

አኔል አልደገመችም። የተሰነጠቀ ጀሶዋን አየች፣ ሜርልን ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ፎቅ ወጥታ ሻንጣዋን ወደ አባቷ መኝታ ቤት መለሰች።

በማግስቱ ጠዋት የከርቲስን ብየዳ ቤት የፈተሹት ሰዎች የጋለ ብረት ከሚቀዘቅዝበት በርሜል ሥር ካለው ጭቃ ውስጥ አንድ የናስ መመዘኛ አወጡ። ከታቹ የተደፈነ ቀዳዳ ነበረበት፤ ከላዩ «20» ተቀርጿል። ሎርና አድርቃ ወደ ሜርል ወጥ ቤት ወሰደችው። ሽማግሌው ትከሻው ታስሮ ስለነበር ሚዛኑን በአንድ እጁ አቆመ፣ መርፌው ዜሮ ላይ እስኪረጋ ጠበቀ፣ መመዘኛውን በወረንጦ አስቀመጠ።

ሃያ ስድስት ግራም።