ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ዛር አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ በሚለው ሁሉ ሳሾፍ የኖርኩ ሽማግሌ ነኝ፣ ሚስቴ ጥሩወርቅ እንኳ «አንተ ሞት ራሱ ቢመጣ ቀልደህ ትሸኘዋለህ» ትለኛለች፣ የዚያን ዓርብ ለት ግን ቀልዱ በእኔው ላይ ሆነ።

መጀመሪያ ጅልነቴን ልናገር። ዓርብ ገበያ ላይ ጎረምሶች ሲያዩኝ ጊዜ አጉል ወኔ መጣብኝና፣ ሁለት ሰው የሚያነሣውን የገብስ ጆንያ ብቻዬን አህያዋ ላይ ልጭን ብድግ አደረግሁት። ጆንያው ወደዚያ፣ አህያዋ ወደዚህ፣ የቀኝ ትከሻዬ ደግሞ ወደማላውቀው አገር። ክንዴ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ጎበዝ! ከነገ ጀምሮ እኔ ላጉርስህ» አለችኝ ጥሩወርቅ፣ ሳቀችና ወዲያው በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ልጅ የለንም፣ ሞፈር የሚይዘው ይሄው አንድ ክንድ ነው፣ እሱ ካልተመለሰ መሬታችንን ለእኩል አራሽ ሰጥተን የሰው እጅ ማየታችን ነው።

በዚያው ዕለት በጉም ውስጥ እየተንገዳገድን ወጌሻዋ ይርገዱ ቤት ደረስን። እሷ ልማድ አላት፣ ሰው ክንዱን ሲነኩት ካየ ሰውነቱን ያደነድናል ብላ ታማሚውን ፊቱን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች።

«አያ ውቤ፣ እንዳይዞሩ! ቢዞሩ ጅማቱ ይሸሽብኛል።»

«አንቺ ብቻ አትግደይኝ እንጂ ግድግዳውንም አገባዋለሁ» አልኳት።

ከኋላዬ ትንሽ ኮሽታ ሰማሁ፣ ከዚያ እጆች ትከሻዬ ላይ አረፉ። ይቀዘቅዛሉ፣ ቅቤም አልተቀቡም፣ ረስታው ይሆናል አልኩ በልቤ። ብብቴ ሥር ገብተው ክንዴን ቀስ እያሉ አወዛወዙት፣ የሚያመኝን ቦታ ከእኔ ቀድመው ያውቁታል፣ እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ያለ እጅ ነክቶኝ አያውቅም። ቋ! አለና አጥንቱ ቤቱ ገባ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «እጅሽ ይባረክ» ልል አፌን ስከፍት ይርገዱ ሳቀች።

የሳቀችው ግቢ ውስጥ ነው፣ ከጥሩወርቅ ጋር። «እሳቱ እምቢ አለኝ እኮ፣ ቅቤው ገና አልቀለጠም» ስትል ጥርት ብሎ ይሰማኛል፣ እጆቹ ግን አሁንም ትከሻዬን እየዳበሱት ነው። እመኑኝ፣ ግድግዳው ላይ የወጣችውን ጭድ እያየሁ ደርቄ ቀረሁ። በሩ ሲጢጥ ሲል እጆቹ ተነሡ።

ይርገዱ ቅቤውን ይዛ ገባች። ክንዴን ብድግ አድርጌ አሳየኋት።

«ማን አሸዎት?»

«አንቺ ነሻ!»

«ገና መቼ ነካሁዎትና?» ጎንበስ ብላ ብብቴ ሥር የቀረውን የጣት ምልክት ቆጠረች፣ ከዚህ ወገን አራት፣ ከዚያ ወገን ሦስት፣ የእሷ እጅ ግን ጣቱ ሙሉ ነው። እንደገና ቆጠረች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ይሂዱ አያ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ቤት ዘግታዋለች፣ ሰው የምታሸው ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ነው፣ ስጠይቃት ሌላ ወሬ ታመጣለች።

ክንዴ ደኅና ነው፣ ዘንድሮም አርሼበታለሁ። ብቻ በእኛ አገር ያሸን እጅ ባዶውን መስደድ ነውር ነውና አንድ ቁና ባቄላ ወስጄላት ነበር፣ «ያልሠራሁበትን አልበላም፣ ለሠራው ይስጡ» ብላ መለሰችኝ። ቁናው ይኸው በር ሥር ተቀምጧል። ጥሩወርቅ «ይቆላ?» ባለችኝ ቁጥር «ተዪው፣ የሰው ነው» እላታለሁ፣ «የሰው» ስል ግን ዞር ብዬ ኋላዬን አያለሁ።