በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የዞረችው ሞተር

የነቀምት ፖሊስ ሻምበል ዋጋሪ በሩን ገፍቶ ሲገባ፣ ሬዲዮ ጠጋኙን ታፋን በሥራ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘው። ማጅራቱን የተመታበት ከባድ ትራንስፎርመር እግሩ ሥር ወድቋል። ከፊቱ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ግን አውራ ጣት የምታህል የኤሌክትሪክ ሞተር ውሃ ውስጥ ተነክራ፣ ከባትሪ ድንጋይ ጋር እንደተያያዘች እዝዝ እያለች ትዞራለች። ጌታዋ መሞቱን ማንም አልነገራትም።

ዋጋሪ የሟቹን ክንድ ሊያነሳ ሞከረ፤ እንደ ግንድ ደርቋል። ከዚያ በድንጋዩና በሽቦው መካከል ወረቀት ሸጉጦ ሞተሯን አቆማት። አንድም ሽቦ አልፈታም።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሽው?» ሲል የሟቹን ሚስት ሐረግወይንን ጠየቃት።

«ትናንት ማታ ሲሠራ ትቼው ተኛሁ። ሥራ ሲይዘው እዚሁ ነው የሚያድረው። ዛሬ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ የሞተሯን ድምፅ ሰማሁ።»

«ገብተሽ አላየሽውም?»

«እሷ ስትዞር በሩን መክፈት ክልክል ነው። ሚስቱም ብሆን ክልክል ነው። እንደ ጣውንት ነበር የምቀናባት፣ ሻምበል።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሰዉ ሁሉ የቀበሌ ስብሰባ ሄዶ መንደሩ ጭር ብሎ ነበር። እኔን ነፍሰ ጡር ነሽ ብለው ነው የተዉኝ። ስብሰባው ሲበተን ብጠራው አልወጣ ሲለኝ ወደ እናንተ ላክሁ።»

በዚያ የ1976 ክረምት ነቀምት ከሦስት የአሻንጉሊት መኪኖች በቀር ወሬ አልነበራትም። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ጥሏቸው የሄደ፣ ከሩቅ በሬዲዮ የሚነዱ መኪኖች ናቸው። አንዷን ታፋ፣ አንዷን የጣውላ ነጋዴው ጆቴ፣ ሦስተኛዋን የፊዚክስ መምህሩ እሸቱ ይነዳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባኬ ጃማ ሰፈር በሚገኘው የቀበሌ አዳራሽ ይሽቀዳደማሉ። ሕጋቸው አጭር ነው፤ ሞተር መክፈት ክልክል። ዳኛው ባለሱቁ ገብረመስቀል ሞተሮቹን በሰም አሽጓቸዋል። ደህና ጎልማሶች በአሻንጉሊት ተኮራርፈው ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰዋል ቢባል የሩቅ ሰው ይስቃል፤ ነቀምቶች ግን አልሳቁም። የወቅቱ አሸናፊ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መኪናውን ይዞ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። ትናንት የመጨረሻው ውድድር ነበር፤ ታፋ እንደ ወትሮው ቀደመ። ጆቴም «ሞተሩን ከፍቷል» ብሎ በሕዝብ ፊት «ሌባ» አለው።

ስለዚህ ጆቴ ታሰረ። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ አልነበረም፤ ቤቱ ሲፈተሽ ደግሞ አሻንጉሊቷን ከሩቅ የሚነዳበት ባለአንቴና መሪ ተገኘ። ዋጋሪ ራሱ ሥራ ያስለመደው፣ አሁን ግን ቀድሞት አለቃው የሆነው ወጣት ሻለቃ «ይኼ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ነው» ብሎ ለደህንነት ስልክ ደወለ። መኪናቸው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። በዚያ መኪና የሄደ ሰው የት እንደደረሰ አይጠየቅም ነበር። ዋጋሪ የልጁን ማዕረግ ባየ ቁጥር አፉ ይመርረዋል፤ ቅናት እንዴት አድርጋ ሰው ውስጥ እንደምትቀመጥ ከራሱ ያውቃታል።

መጀመሪያ ወደ እስር ቤት ሄደ።

«አካም ቡልቴ፣ ጆቴ?»

«ምኑን አደርኩት፣ ኦቦ ዋጋሪ።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ።»

«ጣትህ ላይ የተጋገረው ቫርኒሽ ነው?»

ጆቴ እጁን ጉያው ውስጥ ደበቀ።

«እሺ፣ ይህን ንገረኝ። ታፋ ሞተሩን ውሃ ውስጥ ለምን ይነክራል?»

«ውሃ ውስጥ? ሞተር?» ጆቴ መታሰሩን እንኳ ረሳ። «ዝጎ እንዲቀር ነው?»

ገብረመስቀል ሱቁን ገርበብ አድርጎ ጠበቀው። ስለ እሸቱ ሲጠየቅ «ከፊት ወንበር ነበር፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም» አለ። «ከእሱ ይልቅ ጆቴን አጥብቃችሁ መርምሩ። ያ ሰው መሸነፍ አይችልም።»

እሸቱ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። ስለ ሞተሯ ሲጠየቅ ግን ቀና አለና ክፍል ውስጥ እንደቆመ ሰው ያብራራ ጀመር።

«ካርቦኑ ነው፣ ጓድ ሻምበል። ለሞተሯ ኤሌክትሪክ የሚያቀብላት ካርቦን አዲስ ሲሆን ሸካራ ነው። ውሃ ውስጥ በዝግታ ስትዞር ካርቦኑ ይሞረዳል፤ ዱቄቱን ውሃው ያጥበዋል። ሰሙ ሳይነካ ሞተሯ ትፈጥናለች።»

«በየትኛውም አቅጣጫ ብትዞር ነው?»

«የለም። በውድድር በምትዞርበት አቅጣጫ ብቻ፤ አለዚያ ካርቦኑ ይበላሻል። ይህን የማያውቅ ሰው ሞተር ባይነካ ይሻላል።»

«አንተን ማን አሳየህ?»

«ታፋ።» አለ። «ማግኔት ምን እንደሆነ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይቺን ግን እሱ አገኛት።»

ከሰዓት በኋላ ዋጋሪ ሁሉንም በታፋ የሥራ ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ጆቴ እጁ የፊጥኝ ታስሯል። ሻለቃውና የደህንነቱ ሰው በሩ ላይ ቆመዋል፤ መኪናው ውጭ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

«አጭር አድርገው» አለ ሻለቃው።

«አጭር ነው» አለ ዋጋሪ። «ሐረግወይን ጠዋት ድምፅ ሰምታ ባሏ በሕይወት ያለ መሰላት። እኔ ስደርስ ግን ክንዱ ደርቆ ነበር፤ ሬሳ እንዲያ ለመድረቅ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ የሞተው ማታ ነው። ጠዋት የተሰማው የሞተሯ ድምፅ ብቻ ነበር። ገዳዩ ሆነ ብሎ አስነስቷት ሄደ።»

«ለምን?» አለ ገብረመስቀል።

«ጠዋት ስብሰባ ላይ ሆኖ በሁሉም ሊታይ። ጆቴ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ተጨንቆ ሲያበቃ ከስብሰባው አይቀርም ነበር። ጆቴ፣ ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር? ያ መኪና ሳይወስድህ ተናገር።»

ጆቴ መሬት መሬት አየ። «ሰሙን አቅልጬ ሞተሬን ከፍቼ ነበር። በወፍራም ሽቦ እንደገና ስጠቀልለውና ቫርኒሽ ስቀባው አረፈድኩ።»

«ዋቃዮ፣ አምላኬ!» አለ ገብረመስቀል። ከግድያው ይልቅ ይህ ያናደደው ይመስል ነበር።

ዋጋሪ ሦስቱን መኪኖች ወለሉ ላይ አስቀመጠ። የብርጭቆዋን ሞተር፣ ሽቦዋ እንደነበረ ሆኖ፣ የታፋ መኪና ላይ ገጥሞ ወረቀቱን ሳበ። መኪናዋ እየተንገዳገደች ወደ ኋላ ሄደች። አንስቶ የጆቴ መኪና ላይ ገጠማት፤ ያችም ወደ ኋላ። የእሸቱ መኪና ላይ ሲገጥማት ቀጥ ብላ ወደ ፊት ሄደች።

ዋጋሪ መኪናዋን አስቁሞ ከወለሉ አነሳት።

«መምህር እሸቱ ለፍጥነት ብሎ መኪናው ውስጥ አንድ ጥርሳም ማርሽ ጨምሯል፤ ስለዚህ መኪናው ወደ ፊት እንዲሄድ የእሱ ሞተር በተቃራኒ ትዞራለች» አለ ዋጋሪ። «ማታ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ሽቦ ሲያያይዝ፣ እጁ የለመደውን አደረገ።»

«ታፋ ራሱ ተሳስቶ ቢሆንስ?» አለ እሸቱ።

«ይህን የማያውቅ ሰው ሞተር ባይነካ ይሻላል ብለኸኛል። ታፋ አያውቅም ነበር?»

እሸቱ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ደብቆኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር» አለ። «ሁሉንም በእጁ አሳየኝ። ያው ውሃ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው ካርቦን። ትናንትም ቀደመኝ። ማታ መጥቼ ያልነገርከኝ ምን ቀረ አልኩት። ‹ምንም አልቀረም፣ አንተ መታጠፊያው ላይ ትፈራለህ› አለኝ። ቢስቅብኝ እችለው ነበር። አዘነልኝ።»

ሐረግወይን ከግድግዳው ተጠግታ ቆማ ነበር። «ለዚህ ነው?» አለች። «ለዚህ ብለህ ነው?» ፖሊሶቹ እሸቱን ይዘውት ሲወጡ አንገቱን አላነሳም።

የደህንነቱ ሰው የጆቴን መሪ አገላብጦ አየው። «ታዲያ የሬዲዮው ጉዳይስ?»

«ከተማው ሁሉ አሻንጉሊት ሲነዳበት አይቶታል። ሰውየው አጭበርባሪ ነው እንጂ ሰላይ አይደለም» አለ ዋጋሪ፤ ሻለቃው ሌላ ትእዛዝ ሳይሰጥ እሱ ራሱ የጆቴን ገመድ ፈታው። ጥቂት ቆይቶ መኪናው ባዶውን ሲሄድ ተሰማ።

ጆቴ ነፃ መሆኑን ሲያውቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የታፋን መኪና ወደ ራሱ ስቦ ጎማዋን በጣቱ አዞረ።

«አንድ ቀን እንኳ ሳልቀድመው» አለና አለቀሰ።